ወይን ጠጁ ጥላ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ «ምን ቀምሳ ነው?» እል ነበር።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኩለ ቀን... ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ታላቅ እህቴ አሮጌ ሥዕሎች በምናጸዳበት ክፍል ውስጥ።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ሥዕሉ የወንዝ ዳር መንገድ ነው። ዛፎች፣ ሣር፣ ሰማይ። ሰው የለበትም። ጠጋ ብለው ሲያዩት የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ግን ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።

እታለም ቢጫ የሆነውን አሮጌ የቫርኒሽ ልባስ በጥጥ እየጠረገች፣ ይሄ ሠዓሊ ጥቁር ቀለም አይወድም፣ ጥላውን እንኳ በወይን ጠጅ ቀለም ነው የሚሠራው አለችኝ።

ጥጡ ያለፈበት ሁሉ እየበራ ሄደ...

«ይሞቃል» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ፀሐዩ።»

እርጅና መጣ እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

ፊቷን ሳየው ክው አልኩ። ሜዳ ላይ እንደዋለ ሰው ቀልቷል።

መስኮቱ ከጀርባዋ ነው። ጥላዋ ሥዕሉ ላይ ማረፍ ነበረበት። እሱ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ መስኮቱ ተዘርግቷል...

ጥቁርም አልነበረም።

«እታለም፣ ተይው። እንውጣ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ። ጥጥ አቀብይኝ።»

ጥጡን ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። በሩ አጠገቤ ነበር፤ አልተከፈተም።

ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በመንገዱ ትሄዳለች። ጀርባዋን ሰጥታለች። የእህቴን የሥራ ጋዎን ለብሳለች።

ሮጬ ስጠጋ ነጠብጣብ ሆነች። ወደ ኋላ ስል... እታለም ናት። ስጠጋ ቀለም። እንዳያት መራቅ ነበረብኝ። እየተንሰቀሰቅኩ ስጠጋና ስርቅ ዋልኩ።

በማግስቱ የሥዕሉ ባለቤት መጣ። በጣም ደስ አለው። ይህች ሴት ከቆሻሻው ሥር ነበረች ማለት ነው ብሎ ተገረመ።

አይውሰዱት ብዬ ለመንኩ። ለምን ሲለኝ ምን ልበል?

«እህትሽን አመስግኚልኝ» ብሎ ጠቅልሎ ወሰደው።

ሥዕሉ ከሄደ ሰነበተ። እኩለ ቀን ሲሆን ግን ከባዶው ወንበር ሥር አንድ ጥላ ይዘረጋል። የቆመ ሰው የለም።

ወይን ጠጅ ነው።

መጀመሪያ አጭር ነበር። በየቀኑ እየረዘመ ነው... እዚያ ሥዕሉ ውስጥ ፀሐዩ እያዘቀዘቀ መሰለኝ። ማን ያቆመዋል?

ዛሬ ጥላው እግሬ ሥር ደረሰ። እጁን ዘርግቷል።

እንደ ወትሮው ጎንበስ ብዬ መዳፌን ጥላው ላይ አደረግኩ። ወለሉ ይሞቃል።

ከትናንቱ ግን ቀዝቅዟል።