እስከ አርብ ያልጠበቀው ማሳረጊያ

ሰውዬው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል እንደወደቀ ሐብሐብ ተፈርክሶ፣ ደሙ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ከፊቱ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ሁለት ጡንቸኞች ቡጢ ጨብጠው አሁንም ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፤ ለእነሱ የሞተ ሰው ብርቅ አይደለም።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም በአንድ እይታ ሰበሰበችው። እሷ እንዲህ ናት። አንድ ጊዜ የአንድን ሌባ ማዛጋት ብቻ አይታ ከሰባት ዓመት በፊት የሰረቀውን በግ አስመልሳለች ይባላል። በጉ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ አመሰገናት የሚሉም አሉ፤ ይህኛውን የሚያምን ግን ጥቂት ነው።

ሟቹ ምት ቀማሪ ነበር። የድብድብ ጌም በሚሠራው በዚህ ቤት ማን ማንን በምን እንደሚመታ የሚወስነው እሱ ነው። ስሙ የተጠራው ግን በማሳረጊያው ነው፦ ተሸናፊው አቅቶት ሲንገዳገድ፣ አሸናፊው አጥንቱን እየለቀመ በሚሰብርበት በዚያ የአሥራ ሁለት ሴኮንድ እልቂት። የተገደለበት የብረት መዶሻም ለጌሙ ሞዴል ተብሎ ግድግዳ ላይ የኖረ ነው። አሁን ወለሉ ላይ ተጥሏል፤ እጀታው ተወልውሏል።

የጌም ቤቱ አለቃ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ያለቀለት ነው። ገዳይዋ ተይዛለች።»

«እኔ ሳልመጣ? እንግዲያው ጫማዬን ያቆሸሽኩት በከንቱ ነዋ።»

ገዳይ የተባለችው ፈታሿ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጌሙን እየተጫወተች ጉድለቱን የምትለቅም ቀጭን ሴት። እስከ ክርኗ ደም ነክቷት፣ በካቴና ታስራ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አራት ሰዓት ላይ» አለ አለቃው፣ «እኔና ድምፅ ሠሪው እዚህ ሻይ እንጠጣ ነበር። ሟች ውስጥ ሆኖ ሲጫወት ይሰማናል። ማሳረጊያውን ሦስት ጊዜ አከታተለው፤ ቀጭ! ጓ! ፍርክስክስ! ሙሉውን፣ ሦስቴ! ከዚያ ዝም አለ። ከሩብ ሲል እሷ ገባች፤ ደም ለብሳ እየጮኸች ወጣች። ሌላ የገባ የለም። ትናንትም ‹እገድልሃለሁ› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እዚህ ቤት እኮ ‹እገድልሃለሁ› ከ‹እንደምን አደርክ› በላይ ይባላል!» ጮኸች ፈታሿ። «ላነሳው ብዬ ነው ደሙ የነካኝ! ኢንስፔክተር፣ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት የሚወስድልኝ ሰው የለም። ከእኔ በቀር ማንም የላትም።»

«የተጣላችሁት በምን ነበር ልጄ?»

«በማሳረጊያው ነዋ። መጀመሪያ ቀን ሲያዩት ፀጉርዎ ይቆማል። በአምስተኛው ያዛጋሉ። የድብድብ ጌም ጣዕሙ መመከት ነው፤ ምቱን በሰዓቱ መክቶ እዚያው መመለስ። ልብ የሚመታው እዚያ ጋ ነው። እሱ ግን ጨዋታውን ከእጅዎ ነጥቆ ተመልካች ያደርግዎታል። ዓመት ሙሉ ‹ቁረጠው› አልኩት። ዓመት ሙሉ እምቢ አለኝ።»

መርማሪዋ ከአለቃው አጠገብ ወደቆመው ድምፅ ሠሪ ዞረች። ሽርጡ ቀይ በቀይ የሆነ፣ ጉንጩ የሞላ ሰው ነው።

«የአንተስ ሥራ?»

«አጥንት መስበር!» አለ ፈገግ ብሎ። «ካሮት ሲሰበር ጣት ነው። ጥቅል ጎመን በዱላ ሲመታ ራስ ቅል ይሆናል። የበሰለ ቲማቲም ሲጨፈለቅ ደግሞ... ምሳ በልተዋል?»

«ለማሳረጊያው ብዙ ደከምክ?»

«ሁለት ዓመት። አንድ እርሻ ሙሉ ጎመን ጨርሻለሁ።»

«ሻይ እንጠጣ ያለው ማን ነበር?»

«እሱ ነው» አለ አለቃው ወደ ድምፅ ሠሪው እያመለከተ። «በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋበዘኝ። ጋብዞኝም ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም።»

መርማሪዋ ወደ ውስጥ ተመልሳ ስክሪኑን አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠጋችው። ጥግ ላይ አንዲት ደቃቅ የጽሑፍ መስመር አለች። አነበበቻት። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸውና ሬሳው ከተነሳ በኋላ በዚያው ክፍል፣ ደሙ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ልጄ፣ ጆይስቲኩን ያዢ። ተጫወቺና አሸንፊ።»

ፈታሿ ካቴናው እየተንቀጫቀጨ ተጫወተች። ጠላቷን አንገዳገደችና ማሳረጊያውን ሠራች። አሥራ ሁለት ሴኮንድ ሙሉ አጥንት ተሰበረ።

«ድገሚ።»

ደገመች። በዚህኛው አንድ ጓ! ብቻ ተሰማና ቀጣዩ ፍልሚያ ጀመረ። ፈታሿ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ቆርጦታል!»

«ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፤ መስመሯ ላይ ሰዓቱ አለ» አለች መርማሪዋ።

«አይሆንም!» አለ አለቃው። «እዚህ ቤት አዲስ ነገር የሚገባው አርብ አርብ ብቻ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው!»

«ገዳዩም እንዲሁ ነው ያሰበው፤ እስከ አርብ አይገባም ብሎ። አሁን በሐሳብ ተከተሉኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ይህ ማሽን ማሳረጊያውን ሙሉውን የሚያሳየው አንዴ ብቻ ነው። እርስዎ ግን በአራት ሰዓት ሦስቴ ሙሉውን ሰሙ። ስለዚህ የሰሙት ጌሙን አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። ቅጂው ያለው ማን ጋ ነው? የዚህን ክፍል ስፒከር በስልክ ማዘዝ የሚችለው ማን ነው? ሻይ ጋብዞ ምስክር ያስቀመጠው ማን ነው? ሟች በአራት ሰዓት አልተጫወተም፤ ሞቶ ነበር። ቀጥሎ የሚገባው ሰው ገዳይ እንዲባል ነበር ወጥመዱ።»

«ወሬ ነው!» አለ ድምፅ ሠሪው። ፈገግታው ግን የለም።

መርማሪዋ ሽርጡን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ቲማቲም ሲደርቅ ፍሬው ይቀራል። እዚህ ጋ ፍሬ አለ፤ እዚህም አለ። ይህ ከደረትህ በታች ያለው ግን ፍሬ የለውም።»

መዶሻው ወለሉ ላይ ነበር። ድምፅ ሠሪው ዘሎ አነሳውና ወደ ጭንቅላቷ ወረወረው። መርማሪዋ ዝቅ አለች፤ ስክሪኑ ሺህ ቦታ ተሰባበረ። በጉልበቷ ሆዱን አገኘችው፣ በክርኗ አፍንጫውን። ሲወድቅ ጥርሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ካቴናውን ከፈታሿ እጅ ፈትታ በእሱ ላይ አሰረችው።

«ሂጂ፣ ልጅሽን አምጪ» አለቻት። «ሟች እዚያ መስመር ላይ የጻፈውን ታውቂያለሽ? ‹ፈታሿ ልክ ነበረች› ይላል።»

ፈታሿ ፊቷን በክንዷ ሸፍና ሮጠች።

መርማሪዋ ከወደቀው ድምፅ ሠሪ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጠዋት መቁረጡን ነገረህ?»

«‹ሁለተኛ ጊዜ የሚሰማው የለም› አለኝ» አለ፣ ደም እየተፋ። «ሁለት ዓመቴን! ጀርባውን ሰጥቶኝ እየጻፈ።»

«ሬሳውን ያየው ሐኪም በመጀመሪያው ምት ሞቷል ይላል። ሦስት ጊዜ ነው የመታኸው። ሁለቱን ለምን ጨመርክ?»

ድምፅ ሠሪው ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«የመጀመሪያው ድምፁ አላማረኝም።»