የወይዘሮ ታንጉት አምባዛ

ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ስንዱ የሳሎኑን መብራት ታጠፋና ለአምባዛው ጥሬ ጉበት ትጥልለታለች። አምባዛ ብርሃን አይወድም፤ ቀን ቀን በመስታወቱ ገንዳ ግርጌ፣ ከተሰበረ ገንቦ ሥር ተኝቶ ይውልና ሲጨልም ረጃጅም ጢሙን አሸዋው ላይ እየጎተተ ይወጣል። ጨለማው ውስጥ ቆማ ጉበቱን ምጥጥ ሲያደርገው ትሰማለች። ትጠላዋለች።

ባሏ ደምሰው ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ከሰጠመ ስድስት ወር ሆነው። ሬሳው አልተገኘም። እናቱ ወይዘሮ ታንጉት ተስካር አላወጣም ብለው፣ በዚያው ሳምንት በዓሣ አጥማጆች መረብ የወጣውን ይህን አምባዛ ገዝተው ሳሎን አስቀመጡት። በሁዳዴ እንኳ፣ እሳቸው ከሽሮ ሌላ ሳይቀምሱ፣ ለእሱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጉበት ይመጣለታል። ስንዱ ለባሏ አላለቀሰችም። አምስት ዓመት ሙሉ ሲደበድባት እናቱ ከጓዳ እየሰሙ አንድ ቀን ተው አላሉትም። አሁን የምትፈልገው የአራት ዓመት ልጇን ሶስናን ይዛ ዲላ፣ እህቷ ዘንድ መግባት ብቻ ነው።

"ልጅቷ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም፤ አንቺም" አሏት ወይዘሮ ታንጉት። "እሱን ማን ያበላዋል?"

"እትዬ፣ ዓሣ እኮ ነው!"

"እንዳይርበው ብቻ ብዬሻለሁ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጉበቱ ሳይበላ ያድር ጀመር። አምባዛው ከገንቦው ሲወጣ ጉበቱን አልፎ ይሄድና በሶስና ክፍል በኩል ባለው መስታወት ላይ አፉን ለጥፎ ይቀራል። ሲነጋ ከገንዳው እስከ ልጅቷ በር ድረስ ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። ስንዱ ወለወለችው፤ በማግስቱም ረጠበ። አንድ ጠዋት የልጇን ሹሩባ ስትፈታ ጸጉሯ የሐይቅ ጭቃ ጭቃ ሸተታት፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ የጣት ሰንበር አየች።

"ማን ነካሽ?"

ልጅቷ ትከሻዋን በቀሚሷ ሸፈነች። አሮጊቷ ናት፣ ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ አለች ስንዱ በሆዷ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ታንጉት ሰንበቴ እንደሄዱ ሶስናን ክፍሏ ትታ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ንዴቷ ግን እንዲሁ ውጪ አላላትም፤ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ገንዳው ውስጥ ገለበጠች። ገንቦው ተንገጫገጨ፤ ጥቂት ቆይቶ አምባዛው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ስንዱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ሻንጣዋን እንዳነሳች ወይዘሮ ታንጉት ተመልሰው መጥተው በሩ ላይ ቆመው አዩት። አልጮሁም። ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ወድጄ የማኖረው መስሎሽ ነው?" አሉ። "ደምሰው እኔንም ይመታኝ ነበር እኮ። ከጠገበ እዚያው ይቀመጥልናል፣ ከሄዳችሁ ግን ይከተላችኋል ብዬ ነው።"

ስንዱ ሻንጣዋን ጥላ ወደ ልጇ ክፍል ሮጠች። በሩ አልከፈት አላት። ከውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከባድ ነገር አልጋው ላይ ሲቀመጥ ሰማች፤ ቀጥሎ የሶስና ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ፦ "አባዬ፣ እከፍትላታለሁ፤ ግን እማዬን አትምታት፣ እሺ?"