ድንቡሼና የታጠቡት ብሎኖች

ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ከፓፓያ ዛፎች ጀርባ፣ አንዲት አሮጌ ትራክተር ቆማ ነበር።

ትልቅ ትራክተር እንዳትመስላችሁ! ከአህያ ትንሽ ብትበልጥ ነው። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ መብራቶቿም እንደ ዓይን ክብ ክብ ናቸው። ስሟ ድንቡሼ ይባላል።

ድንቡሼ ድሮ ቀይ ነበረች። አሁን ግን ዝጋለች። መቀመጫዋ ላይማ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች!

«በቃ፣ አለቀላት። ትጣል!» አሉ ሰዎች ሁሉ።

የትርንጎ አያት አባባ ደቻሳ ግን እንቢ አሉ። «ወጣት ሳለሁ መጀመሪያ የነዳኋት ትራክተር እኮ ናት! ድምፅዋን አንድ ቀን እሰማዋለሁ።»

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። «አባባ፣ ድምፅዋ እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀች።

አባባ ደቻሳ ጉንጫቸውን ነፉ። «ዱ! ዱ! ዱ! ዱ!»

ትርንጎ በሳቅ ፈነዳች። እሷም የድንቡሼን ድምፅ ለመስማት በጣም ጓጓች።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አባባ ደቻሳ መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! አንድ ብሎን ይፈታሉ።

የፈቱትን ብሎን አሮጌ አንሶላ ላይ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ የተፈታው መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የተፈታው ቀጥሎ። ብሎኖቹ ጠዋት ትምህርት ቤት እንደሚሰለፉ ልጆች ተሰልፈዋል።

አባባ ደቻሳ አይቸኩሉም። የዛገውን ፈተግ ፈተግ ያደርጋሉ። ዘይት ጠብ ያደርጋሉ። ከዚያ እፍፍፍ ይላሉ።

ትርንጎ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። እንደ አባባ ያለ ጎበዝ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም።

አንድ ቀን አባባ ደቻሳ ቀይ ቀለም ሊገዙ ወደ ገበያ ሄዱ። ትርንጎ ከብሎኖቹ ጋር ብቻዋን ቀረች።

«ውይ፣ እንዴት ቆሽሸዋል! ባጥባቸው አባባ ደስ ይላቸዋል» አለች።

ባልዲ አመጣች። ሳሙና አመጣች። ብሎኖቹን ሁሉ ሰብስባ ባልዲው ውስጥ ዘርገፍ! ኳ! ኳ! ኳ!

እሽት እሽት አድርጋ አጠበቻቸው። ከዚያ እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ሲያብረቀርቁ ማየት ነበር!

አባባ ደቻሳ ተመለሱ። አንሶላው ባዶ ነው፤ ሰልፉ የለም። የቀለሙን ቆርቆሮ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ትርንጌ... አሁን የቱ ብሎን የት እንደነበረ በምን አውቃለሁ?»

ትርንጎ ያን ጊዜ ገባት። ሆዷ ባባ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ድንቡሼን አበላሸኋት!»

አባባ ደቻሳ ብሎኖቹን አዩ። ትርንጎን አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በዚህ ዕድሜዬ በሳሙና የታጠበ ብሎን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው! ነይ የኔ ልጅ፣ አብረን እንሞክራለን።»

አንድ ብሎን አንስተው ቀዳዳው ላይ ለኩ።

«ይቺ ናት?»

«አይደለችም!»

«ይቺስ?»

«አይደለችም!»

«ይቺስ?»

«ናት! ናት! ናት!»

እንዲህ እያሉ ሰኞ ዋሉ፤ ማክሰኞ ዋሉ፤ ረቡዕና ሐሙስም ዋሉ። አባባ ደቻሳ አንድም ቀን አልተቆጡም።

ዓርብ ዕለት ድንቡሼን ቀይ ቀለም ቀቧት። አማረባት! ብሎኖቹም ሁሉ ቦታቸው ገብተዋል።

ሁሉም? ኧረ አንዲት ቀርታለች! ከሁሉም ትንሿ፣ ቢጫዋ ብሎን። አባባ ደቻሳ ቀዳዳዋን ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ አጡት።

«እስቲ ያለሷ እንሞክር» አሉ። ቤንዚን ጨመሩ። የማስነሻውን ገመድ ሳቡ።

ቱፍ... ቱፍ... ጭጭ!

እንደገና ሳቡ። ቱፍ... ቱፍ... ጭጭ!

አባባ ደቻሳ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰዎቹ እውነታቸውን ነው መሰለኝ። ድምፅዋን ሳልሰማው ልቀር ነው» አሉ።

ትርንጎ አባባን እንዲህ አዝነው አይታቸው አታውቅም። ቢጫዋን ብሎን ጨብጣ በደረቷ ተኛችና ከድንቡሼ ሆድ ሥር አየች። አባባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እንደዚያ መተኛት አይችሉም፤ የሥሩን ብሎን የፈቱትም በእጃቸው እየዳበሱ ነበር።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! አንዲት ቀጭን ቧንቧ ተንጠልጥላለች። ቤንዚኑ ሞተሩ ጋ አይደርስም፤ ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል። ከቧንቧዋ አጠገብ ደግሞ ትንሽዬ ቀዳዳ አለች።

«አባባ! አገኘኋት! ቀዳዳዋን አገኘኋት!»

አባባ ደቻሳ ብድግ አሉ። ቶሎ ብለው ቤንዚኑን ዘጉ፤ መፍቻውንም ለትርንጎ አቀበሏት። ትርንጎ ቧንቧዋን ወደ ቦታዋ መለሰች፤ ቢጫዋን ብሎን አስገባች።

«ይቺ ናት?» አሉ አባባ ደቻሳ።

«ናት! ናት! ናት!» አለች ትርንጎ ከሥር።

ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ! አጠበቀቻት።

ትርንጎ ከሥር ወጥታ እጇን ታጠበች። አባባ ደቻሳ ቤንዚኑን ከፈቱ፤ ገመዱን ሳቡ።

ቱፍ... ቱፍ...

ዱ! ዱ! ዱ! ዱ!

ዶሮዋ ደንግጣ በረረች። አባባ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዳመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ አፋቸው ግን ይስቃል።

«ራሱ ነው! ያው የድሮ ድምፅዋ!»

ሲመሽ ትርንጎን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በድንቡሼ ወደ ቤት ሄዱ። በር ላይ ሲደርሱ አሮጌውን አንሶላ አጣጥፈው ሰጧት።

«ሰኞ የውኃ መሳቢያውን ሞተር እንፈታለን» አሉ። «ብሎኖቹን የምትደረድሪው ግን አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።»

ትርንጎ አንሶላውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ልትተኛ ስትል ልብሷን አወለቀች። መጀመሪያ ቀኝ ጫማ፣ ቀጥሎ ግራ ጫማ፣ ቀጥሎ ካልሲ፣ ቀጥሎ ቀሚስ። ሁሉንም አልጋዋ ሥር አሰለፈቻቸው።

እናቷ ቀሚሱን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። «ቆሽሿል፤ ልጠበው የኔ ቆንጆ።»

«ኧረ እማዬ፣ እንዳትነኪብኝ! በተራቸው ነው ያሉት!»

እናቷ ሳቀች፤ ግንባሯን ሳመቻት። መብራቱንም አጠፋችላት።

ትርንጎ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ጉንጯን ነፋች። ዱ... ዱ... ዱ... እያለች እንቅልፍ ወሰዳት።