አሩፔ የቀበረችው ነጭ ዓሣ

አሩፔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ቱርካና ሐይቅ ዳር ያለች የዘንባባ ቅጠል ጎጆ ናት። አባቷ በታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። ፍየሎቻቸው በድርቁ ካለቁ ወዲህ የሚበሉት ዓሣ ነው፤ ዓሣ መብላት ደግሞ ነውር አይደለም፣ ልጆች። በዚያ አገር ከብት ያላቸው ሰዎች ዓሣ የሚበላን ይንቃሉ፤ እናንተ ግን ማንም ነውር ነው ቢላችሁ አትስሙት።

አሩፔ ኤኩዋም የሚባል የሁለት ዓመት ወንድም አላት። ያን ሰሞን ኩፍኝ ይዞት ለቆት ነበር። ቢለቀውም እግሮቹ ቀጥነው መቆም አቃተው። የጤና ኬላዋ ሲስተር ኤሊምሊም ክንዱን በጥብጣብ ለካችው። ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው። አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቢጫው ያሰጋል፣ ቀዩ ክፉ ነው። የኤኩዋም ክንድ ቢጫው ላይ አረፈ።

ሲስተር በየቀኑ የተቀቀለ ነጭ ዓሣ እንዲበላ አዘዘች። ሰውነት ገንቢ ነው አለች። ጮማ ስለማይበዛበት የታመመ ሆድ አይከብደውም፤ የሟሸሸ ሰውነትን መልሶ ይሠራል። መረቁንም ገንፎው ውስጥ ጨምሩት እንጂ እንዳትደፉት አለቻቸው።

የአሩፔ እናት ጠዋት ጠዋት ዓሣውን ቀቅላ ወደ ሐይቁ ትወርዳለች፤ አባት ያመጣውን ሰንጥቃ የምታደርቀው እሷ ናት። አጥንቱን በጣት እየለቀሙ ኤኩዋምን ማጉረስ የአሩፔ ሥራ ሆነ።

አሁን ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ። የሰፈሩ ልጃገረዶች ውሃ የሚቀዱት ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ውሃው በቅል ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል። ብቻውን የቆመ ሰው አይቀዳም።

አንድ ቀን አሩፔ ቅሉን ስታቀብል አጂኮን እጇን ሰበሰበች። አጂኮን አባቷ ብዙ ከብት ያለው ልጅ ናት።

«ከዓሣ እጅ ውሃ አልቀበልም» አለች። «እኛ ወተት ጠጪዎች ነን። አንቺ ከአዞ ጋር ተቀባበዪ።»

ልጆቹ ሳቁ። አሩፔን ከሰልፉ አስወጧት። ሁሉም ቀድተው እስኪሄዱ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ብቻዋን መቅዳት ስላልቻለች ባዶ እጇን ተመለሰች።

በማግሥቱ የዓሣው ድስት ፊቷ ቀረበ። አሩፔ ጣቶቿን አየች። ከዚያ ድስቱን ይዛ ከጎጆው ጀርባ ሄደች፤ አሸዋውን በእንጨት ጭራ ዓሣውን ከነመረቁ ቀበረችው። ለኤኩዋም ባዶውን ገንፎ አጎረሰችው። እናቷ ስትመለስ በላ ወይ ብላ ጠየቀቻት። በልቷል አለች። ልጆች፣ ውሸት አልነበረም ትላላችሁ? ገንፎውን በልቷልና። አሩፔም ለራሷ እንደዚያው ብላ ነበር፤ ግን ልቧ አላመናትም።

እንዲህ እያደረገች ስምንት ቀን ሆነ። እጇ ዓሣ ዓሣ መሽተት ስላቆመ ጉድጓዱ ላይ ቦታዋን መለሱላት። ኤኩዋም ግን ማልቀስ እንኳ አቃተው።

ሐሙስ ዕለት እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ጤና ኬላው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አጂኮንም ከእናቷ ጋር ነበረች። ሲስተር የኤኩዋምን ክንድ ለካች፤ ደግማ ለካች። ቀይ ነበር።

«ዓሣውን ትሰጪዋለሽ ወይስ ለነጋዴ ትሸጪዋለሽ?» ብላ እናቱን ጠየቀቻት።

እናት እንደምትሰጠው ማለች። ማንም ያመናት አልመሰለም። ሲስተር እስከ ሌላ ሐሙስ ካልተሻለው ወደ ሎድዋር ከተማ ሆስፒታል እንደምትልከው ነገረቻት። የአጂኮን እናት የፌዝ ሳቅ ሳቀችና «ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር መቼ ሰው ያቆማል?» አለች። የአሩፔ እናት አንገቷን ደፋች።

አሩፔ እናቷን አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን ተነሣች።

«እናቴ አልሸጠችም» አለች። «በየቀኑ ቀቅላ ትሰጠኛለች። እጄ እንዳይሸት ብዬ አሸዋ ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ አጂኮን እናት ዞረች። «ዓሣው ምን አጠፋ፣ እማማ? አልበላውም እኮ። ያልበላው ነገር እንዴት ያቁመው?»

ሲስተር በቅድሚያ እናትን ይቅርታ ጠየቀቻት። ቀጥላ አሩፔን አየቻት።

«ይህን መናገር ከባድ ነው። ከነገ ጀምሮ ያለው ግን ይብሳል። እጅሽ ይሸታል።»

«ይሽተት» አለች አሩፔ።

ቤት ሲደርሱ አሩፔ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት። እግዚአብሔርንም ለመነች። እናቷ አንሥታ አቀፈቻት፤ ከዚያ ድስቱን ፊቷ አስቀመጠች።

«ሌላ ሰው አያጎርሰውም። አንቺው ነሽ» አለቻት።

አሩፔ በአሥሩም ጣቶቿ ለቀመች። በማግሥቱ እጇን ሳትታጠብ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ማንንም ሳትጠይቅ ወርዳ ከሁሉም ታች፣ ውሃው ላይ ቆመች።

«እጄ ይሸታል» ብላ ወደ ላይ ተናገረች። «ለወንድሜ ዓሣ ስለቅም ነው። ነገም ይሸታል። የምትፈልግ ትቀበል፤ የማትፈልግ ራሷ ወርዳ ትቅዳ።»

ከበላይዋ የቆመችው ትንሿ ናኮር ቅሉን ተቀበለች። ቀመስ አድርጋ «ውሃ ውሃ ነው የሚለው» አለችና ወደ ላይ አሳለፈችው። አጂኮን እምቢ ብላ ቆየች። ከላይ ጥጆቿ በጥም ይጮኹ ነበር። መጨረሻ ላይ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው ተቀበለች። አፍንጫዋን ትያዝ፤ ቅሉ ግን አለፈ።

ጌታችንም ዓሣ አጥማጆችን ሲጠራ አስቀድማችሁ እጃችሁን ታጠቡ አላላቸውም። አሩፔ ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምታ ስለነበር ቅሉን ባቀበለች ቁጥር ታስበው ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ የኤኩዋም ክንድ ከቀዩ ወጣ። ወር ሳይሞላ አረንጓዴው ላይ ደረሰ። አንድ ጠዋት አሩፔ አጥንት ስትለቅም ትከሻዋን የሚይዝ ነገር ተሰማት። ኤኩዋም ነበር፤ ማንም ሳይደግፈው ቆሞ አፉን ከፍቷል። አልፈጠንሽልኝም የሚል ይመስል ጀርባዋን በቡጢ መታት። አሩፔ እያለቀሰች ሳቀች፤ አጎረሰችውም።

ልጆች፣ እግዚአብሔር የሰጣችሁን ገንቢ ምግብ ሰው ስለሳቀባችሁ እንዳታፍሩበት፤ ካጠፋችሁም ሌላው በእናንተ ጥፋት እንዳይወቀስ ደፍራችሁ ተናገሩ።