አማችና ችንካር

ላዛር ሴሊናን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ እሑድ የለበሰው ሱፍ የወንድሟ የኢኒያስ ነበር፤ እጅጌው አጥሮበታል። ሴሊና ስታየው ሳቋ መጣ፤ እናቷን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ልጄን እሰጥሃለሁ» አሉ እናትየው። «ሕጋችንን ግን ታውቃለህ።»

ወንዶቿ በብረት ሥራ በሚያድሩባት መንደር፣ በካናዋኬ፣ ማን የማያውቅ አለ? ይሠሩት የነበረው ድልድይ ወንዝ ውስጥ በወደቀ ቀን የሴሊና አባትና አጎቶቿ አብረውት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሴቶች የአንድ ቤት ወንዶች አንድ ሕንጻ ላይ እንዳይሠሩ ከለከሉ። አማች ደግሞ የቤት ሰው ነው።

ኢኒያስና ላዛር ኒው ዮርክ ወደብ ዳር የሚበቅሉትን ፎቆች አብረው የሚሠሩ ናቸው። ኢኒያስ ብረት ከብረት የሚያያይዘውን ችንካር እንደጋለ ከምድጃ አውጥቶ ይወረውራል፤ ላዛር ቀጭን ብረት ላይ ቆሞ በጣሳ ይቀልባል። መርከቦቹ ከእግራቸው ሥር እያፏጩ ያልፋሉ።

«ሌላ ወርዋሪ ፈልጋ!» አሉ እናትየው።

«እማማ፣ የኢኒያስን እጅ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሌላው ያቃጥለኛል፣ አለዚያም ይጥለኛል።»

«እንግዲያው ልጄን ተዋት።»

ሴሊና ይህን ክርክር ለብቻዋ ስትከራከር ስንት ክረምት አልፏል። ሰለቻት።

«በቃኝ!» አለች። «ባል ቢወድቅ አልቃሽ እኔ፣ ወንድም ቢወድቅ አልቃሽ እኔ! እስቲ እኔን የጠየቀኝ አለ?»

መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ሲያይ የነበረው ኢኒያስ ወደ እነሱ ዞረ።

«ከፎቁ እኔ እወርዳለሁ። ወደቡ አዲስ የመርከብ ማቆሚያ እያሠራ ነው፤ ሰው ይፈልጋል።»

«አንተ? ጭቃ ውስጥ?»

«ደክሞኛል እማዬ፤ መሬት ናፈቀኝ። ላዛር ደግሞ ከብረት ሌላ ምን ያውቃል?»

ውሸቱን ነው። መሬት ሲረግጥ የሚነጫነጭ ሰው ነበር። ሁሉም አውቀውበታል፤ ውሸቱ ስለተመቻቸው ግን ማንም አልተከራከረውም።

ሠርጉ እንዳለፈ ሦስቱም ኒው ዮርክ ገብተው አንድ ቤት ተከራዩ፤ ላዛርም ከአዲስ ወርዋሪ ጋር ፎቁ ላይ ወጣ። የዚያን ቀን እራት ላይ ኢኒያስ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ለብሶ ገባና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሰውየው እንዴት ነው? ይችላል?»

«ደህና ነው። እንዳንተ ባይሆንም ደህና ነው።»

«እንደኔማ ከየት ይመጣል!» ኢኒያስ ሳቀ፤ ሳቁም ደክሟል።

ላዛር በግራ እጁ ነበር የሚበላው። ሴሊና ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ፈልጋ አገኘችው። መዳፉ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ቀና ብላ ስታየው፣ እንዳትናገር በዓይኑ ለመናት። ሁለቱንም እንዲህ ወድዳቸው አታውቅም፤ እንዲህም ደክሟት አያውቅም።

የባሏን አንጓ እንደያዘች ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ወንድምዬ፣ ሾርባ ልጨምርልህ?»