የጠፉት ሃያ ሁለት ጥናቶች

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለት ጊዜ ቀረ። የግድቡ ወለል ተሰነጠቀ። ሩዝ ተወደደ። መንግሥትም እጁን ሰበሰበ፤ በኢሳን ክልል ካሉት ሁለት የጉበት ትል ቤተ ሙከራዎች አንዱ ይዘጋል ተባለ። የትኛው እንደሚተርፍ ዓርብ የአለቆቻቸው የጥናት መዝገብ ታይቶ ይወሰናል።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ፒምላዳ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ሳጅን ካምፑን በሎሚና በቃሪያ የተለወሰ ጥሬ ዓሣ ፊቱ አስቀምጧል።

"ሳጅን፣ እሱን አይብሉ። ትሉ እዚያ ውስጥ ነው።"

"ልትከሺኝ ነው የመጣሽው?"

"ተሰርቄ ነው። ሃያ ሁለት ጥናት።"

"ወረቀት ነው?"

"በዓለም መዝገብ በስሜ የተመዘገቡ ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱኝም እዚያው ይቆጠራል። አርባ አንድ ነበሩ። ዛሬ ስከፍተው አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል። ዓርብ ይህ ከታየ ቤተ ሙከራዬ ይዘጋል፤ አርባ መንደር ምርመራ ያጣል።"

ሳጅን ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሌባ ግን ያውቃል።

"ብትወድቂ ማን ይጠቀማል?"

"የሌላኛው ቤተ ሙከራ አለቃ። ዶክተር ክሪትሳዳ።"

ሁለቱ ቢሮው ሄደው ነገሩን ሲነግሩት ክሪትሳዳ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

"ቅዳሜ ቢሮዋ አጠገብ ታይተሃል" አለው ሳጅን።

"ውሻዬ ጠፍቶብኝ ነበር፣ አባቴ።" ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሟል። "ደግሞ የተሰረቀ ጥናት አይደበቅም፤ ሌላ ሰው ስም ሥር ይቀመጣል እንጂ። እንፈልገው?"

ኮምፒውተሩን ከፈተ። የአንዱን ጥናት ርዕስ ጻፈ። ሃያ ሁለቱም በአንድ ስም ሥር ወጡ፦ ቡዋሎይ ሲሃራት።

ፒምላዳ ጮኸች። "ቡዋሎይ እኮ እኔ ነበርኩ! ሦስት ጊዜ ከሞተር ሳይክል ብወድቅ የመንደራችን መነኩሴ 'የሚጥልሽ ስምሽ ነው' አሉኝና ቀየርኩት። የድሮ ጥናቶቼ የወጡት በድሮው ስም ነው።"

"እዚህ አገር ስሙን ያልቀየረ ማን አለ?" አለ ሳጅን። "የኔ ሚስት አራተኛው ላይ ናት። የተጣለ ስም ማንም ያነሳዋል። የቤተሰብ ስም ግን በሕጋችን የአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሲሃራት የተባለ ሁሉ ዘመድሽ ነው። ሌባሽ ከቤትሽ ነው።"

የወረዳው መዝገብ አላደከማቸውም። የፒምላዳ የአጎት ልጅ ኑዋንጃን ባለፈው ወር ስሟን ቡዋሎይ አስብላለች።

ኑዋንጃን ገበያው ዳር መድኃኒት ቤት አላት። በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "የጉበት ትል አጥኚዋ ቡዋሎይ፤ በዓለም አንድ ሺህ አንድ መቶ ጊዜ የተጠቀሰች።"

"አንቺ ኑዋን!" አለች ፒምላዳ።

"ቡዋሎይ በይኝ። የጣልሽውን ነው ያነሳሁት። አዲሱን መታወቂያዬን ለዓለም መዝገቡ ልኬ 'የእኔ ናቸው' አልኩ። አመኑኝ።"

"አንዱንም አልጻፍሽም እኮ!"

"አልጻፍኩም። የመጀመሪያው ጥናት ሲሠራ ግን የሰባት መንደር ሰገራ በብስክሌት ያመላለሰ ማን ነው? የአገሩ ዝንብ ሁሉ ከኋላዬ! አንድ እጮኛ ነበረኝ፤ እሱም ከግማቱ የተነሳ ሸሸኝ። 'ስምሽን አስገባለሁ' ብለሽ ማልሽልኝ። ወረቀቱ ወጣ። ስሜ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁሽ።"

ሳጅን ወደ ፒምላዳ ዞረ። "እውነት ነው?"

ፒምላዳ አቀረቀረች። "ያኔ አለቃዬ የነበሩት ፕሮፌሰር 'ስም በዛ' አሉ። እኔም ዝም አልኩ።"

"እንግዲህ ሌባው ሁለት ሆነ" አለ ሳጅን። "ጣቢያችን ያለው ካቴና አንድ ነው። ማንን ልሰር?"

ቀድማ የሳቀችው ኑዋንጃን ናት። ፒምላዳም ተከተለቻት። ኑዋንጃን ሰሌዳውን በገዛ እጇ አወረደች። የመመለሻውን ደብዳቤም እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጽፋ ፈረመች።

ሐሙስ መዝገቡ አርባ አንድ ሞላ። ዓርብ የፒምላዳ ቤተ ሙከራ ተረፈ። ተሸናፊው ክሪትሳዳ ከነውሻው እሷ ዘንድ ሥራ ገባ።

ፒምላዳም ያን የመጀመሪያ ጥናት ላወጣው መጽሔት ጥፋቷን ሳትደብቅ ጻፈች። ሁለት ወር ፈጀ። መልሱ ሲደርስ የታረመውን ገጽ ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች።

ኑዋንጃን መነጽሯን አደረገች። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ ኑዋንጃን ሲሃራት።

"ሁለተኛ ነኝ?"

"ሁለተኛ።"

ገጹን አጣጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"በይ፣ ዕዳሽ ወርዷል" አለች።