የበረዶ ፋብሪካው ጣሪያ

የካሜራው ካርድ በጉንጯና በድዷ መሃል ተወሽቋል። ጥፍር ያክላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሹፌር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ውሃ ይለምናታል። ካርዱን ከብርጭቆው ጋር ትሰጠዋለች፤ ያበቃል። ከዚያ ወደ ቤቷ።

ቤት ካላት።

በስውር የላካት መሥሪያ ቤቷ «ምስጥ» ይላታል። አብረዋት ሶላር የሚያጥቡት ሴቶች «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ስምንት ወር መስታወት ስትወለውል ጉልበቷ አልቋል። ሃምሳ ዓመት የሰው ጣሪያ ላይ የሚወጣበት ዕድሜ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶላር ለተከለ ፋብሪካ መንግሥት የዋጋውን ግማሽ ይከፍላል፤ አምስት ዓመትም ግብር ይምረዋል። ደግ ሕግ ነው፤ ደግ ነገር ደግሞ ሌባ ይወደዋል። ተካዩ ድርጅት ያንኑ ሰማንያ ሶላር ከነአጣቢዎቹ ከጣሪያ ጣሪያ እያዞረ ያስቆጥራል። ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ ከየጀርባው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጥፋል፣ ይሄዳል። ግን ስንፍና ጉድ ሠራቸው። የድሮውን ወረቀት መላጥ ሰልችቷቸው አዲሱን በላዩ ይለጥፉበታል። ምስጥ በእርጥብ ጨርቅ አንዱን ብታነሣው የአራት ፋብሪካ ማኅተም ተደራርቦ አገኘች። ያንን ነው ፎቶ ያነሣችው።

የብረት ደረጃው ተንቋቋ።

ቢጫ ኮፍያ የለም።

የመጣው «አጎት» ነው፤ እዚህ የላካት የገዛ አለቃዋ። በስድስት ዓመት ሁለቴ ብቻ ነው ፊቱን ያየችው። ከኋላው ተቆጣጣሪው ቆሟል።

«ሹፌሩስ?»

«አሞታል። ካርዱን ለኔ ስጪኝ።»

«ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ ተቆጣጣሪው። «ስምንት ሰዓት ላይ የመንግሥት ኮሚቴ ሳሙና ፋብሪካው ላይ ሶላር ሊቆጥር ይመጣል። እነዚህ ወርደው እዚያ መሰቀል አለባቸው። መኪናው ታች ቆሟል።»

ገባት። እስከዚያች ሰዓት አጎትን አንቱ ነበር የምትለው።

«ስንት ሰጡህ?»

«ደክሞሻል። እኔ ጡረታሽን አስተካክልልሻለሁ።»

«ስድስት ዓመት ደከመኝ ስልህ ዛሬ ነው የሰማኸኝ?»

ካርዱን መዳፉ ላይ ተፋችለት። «እንካ፤ ከነምራቄ።»

አጎት እጁን በመሐረብ ሲጠርግ ተቆጣጣሪው ጫኞቹን ለመጥራት ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሄደ። ሁለቱም ሶላር አጥበው አያውቁም። ማንኛዋም አጣቢ የምታውቀውን አያውቁም፦ በቀትር የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ውሃ አይነካውም። ሁሌ በማለዳ የሚታጠበው ለዚህ ነው። የዚህ ጣሪያ የውሃ ጎማ ደግሞ ከበረዶው ገንዳ የተቀጠለ ነው።

ከፈተችው።

ጧ!

አንዱ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው። አሥረኛው። መስታወቱ ጨው እየሆነ ነጣ።

«ምን አባሽ እያደረግሽ ነው!»

ተቆጣጣሪው ሮጦ ሊይዛት ሲል ውሃው አዳለጠው፤ አጎት ላይ ወደቀ። እሷ ጎማውን ጥላ ወደ ደረጃው። የተሰበረ ሶላር ለኮሚቴ አይሰቀልም። ማኅተሞቹም ከጀርባው እንደተለጠፉ ናቸው።

ደረጃው ላይ የአጣቢዎቹን አለቃ አገኘች። ፀሐይ ስለማትወድ «እትዬ ዣንጥላ» ነው የምትባለው። ስምንት ወር ምሳዋን አካፍላታለች። ስለ ምስጥ የምታውቀው ነገር የለም።

«ምንድነው የሚንጓጓው?»

«እትዬ፣ በእግዜር፣ አሳልፊኝ።»

አሮጊቷ የራሰውን ጋዋኗን አየች። ከታች የጥበቃዎቹ ጫማ ይሰማል።

«አንቺ ሴትዮ ነገር እንዳለሽስ ጠርጥሬ ነበር» አለችና የራሷን ደረቅ ጋዋን አወለቀች። «ልበሺ። ያንቺን አምጪው። ፍጠኚ እንጂ፣ ለሙሽርነት ነው እንዴ!»

ጥበቃዎቹ ደረሱ። «ውሃውን የከፈተው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ዣንጥላ፣ የራሰውን ጋዋን እየቆለፈች። «ምነው? አጣቢ አይደለሁ?»

ምስጥ በአጠገባቸው ወረደች። ከላይ አጎት «እሷ አይደለችም!» እያለ ይጮሃል። ዱላ ሲያርፍ ሰማች። አሮጊቷ ስትጮህም ሰማች።

ዞር አላለችም። ዞር ማለት ክልክል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ አለቃ በሌላ ከተማ የሕዝብ ስልክ ላይ አገኛት።

«ኮሚቴው ሳሙና ፋብሪካው ላይ ባዶ ቆርቆሮ አየ፤ ከተሰበሩት ሶላሮች ጀርባም ማኅተሞቹን አገኘ። አጎትም ተቆጣጣሪውም ታስረዋል።»

«ሴትዮዋስ?»

«ትናንት ተፈታች። ክንዷ ግን በደንብ አልገጠመም፤ ከእንግዲህ ጣሪያ አትወጣም።»

«ልያት?»

«አይቻልም። ታውቂያለሽ።»

«ስለኔ ምን አለች?»

«በየቀኑ ጠየቋት። አላውቃትም ከማለት ውጪ ቃል አልወጣትም።»



«እውነቷን ነው» አለችና ስልኩን ሰቀለችው። ከዚያ ከሰዉ ኋላ ተሰልፋ አውቶቡስ ጠበቀች።